ከሰንጠረዥ ገበታ ስለ መነሣት

በሰንጠረዥ ጨዋታ የታወቀ አንድ ልማድ አለ። ሁለት ሊቃውንት ሲጋጠሙ፥ ከሁለቱ አንዱ ነገሩ እንደማይድን ባየ ጊዜ ንጉሡ መውጫ አጥቶ እስኪያዝ ድረስ አይጠብቅም፤ ሰዓቱን አቁሞ እጁን ለባላጋራው ይዘረጋል። ይህን በማድረጉ ፈሪ የሚለው የለም፤ እንዲያውም መጨረሻውን ከሩቅ ማየቱ የዕውቀቱ ምልክት ሆኖ ይቈጠርለታል። ጀማሪው ግን መሸነፉን የሚነግረው ሌላ ነገር ስለሌለው እስከ መጨረሻው ርምጃ ይጫወታል። እንግዲህ አንዱን ጨዋታ መቼ መተው እንደሚገባ እንዲህ አጥርተው የሚያውቁ ሰዎች፥ ጨዋታውን ራሱን፥ ማለት የዕድሜያቸውን ሥራ፥ መቼ መተው እንደሚገባቸው ያውቁ ይሆን? ለዚህኛው ሰዓትም ዳኛም አልተዘጋጀላቸውም። ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄም ይከተላል፤ ይኸውም ከሁሉ የላቀ ስጦታ ያለው ሰው፥ ኀይሉ ገና ሳይደክም ስጦታውን ሊያስቀምጠው መብት አለውን? ወይስ ስጦታው ለሕዝብ የሚከፍለው ዕዳ ሆኖበታል? የሚል ነው።

ይህን ነገር በሐሳብ ብቻ ከመመርመር በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ማየት ይሻላል ብለን የሩሲያውን ግራንድማስተር የጋሪ ካስፓሮቭን ታሪክ መርጠናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ሰንጠረዥ ስንልም በዓለም ውድድር የሚደረገውን፥ ብዙ ሰው ቼዝ የሚለውን ማለታችን ነው፤ ሁለቱ ወገኖች የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ «ወረራ» ብለው የሚጀምሩት የአባቶቻችን ጨዋታ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይገባዋል።

ካስፓሮቭ በ1963 ዓ.ም. በባኩ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሞተው ልጁ ሰባት ዓመት ሲሆነው ነው፤ ከዚያ ወዲያ እናቱ አሳደገችው፥ የሚታወቅበትንም ስም ከእናቱ ወገን ወረሰ። ዐሥር ዓመት ሲሆነው ሚኻይል ቦትቪኒክ ወደሚመራው የሰንጠረዥ ትምህርት ቤት ገባ። ቦትቪኒክ ከሶቪየት ኅብረት የተነሣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ነበረ፤ ወደ እርሱ ኋላ እንመለሳለን።

ዓለም የካስፓሮቭን ስም አጥብቆ ያወቀው ላለመሸነፍ ባደረገው ተጋድሎ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በሴፕቴምበር 1984 ዓ.ም. በሞስኮ ከሻምፒዮኑ ከአናቶሊ ካርፖቭ ጋር ተጋጠመ። ደንቡ አስቀድሞ ስድስት ጨዋታ ያሸነፈ ዘውዱን ይወስዳል የሚል ነበረ፤ አቻ የወጡት አይቈጠሩም። ከ27 ጨዋታ በኋላ ካርፖቭ 5 ለ 0 መራ። የቀረው አንዲት ጨዋታ ብቻ ነበረች፤ ያችንም ማግኘቱ የቀናት ጕዳይ ነው ተብሎ ተቈጠረ። የ21 ዓመቱ ወጣት ግን ያችን አንዲት አልሰጥ አለ። በአቻ ላይ አቻ ደረደረ፤ 32ኛውን ጨዋታ አሸነፈ፤ ደግሞ እንደ ገና አቻ፥ አሁንም አቻ። መከሩ አለፈ፥ የሞስኮ ክረምት ገባ፥ አዲስ ዓመት ተለወጠ፤ ሁለቱ ሰዎች ገና ተቀምጠዋል። በመጨረሻ ካስፓሮቭ 47ኛውንና 48ኛውን አከታትሎ አሸነፈ። ይህን ጊዜ፥ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1985 ዓ.ም.፥ የዓለም አቀፉ የሰንጠረዥ ማኅበር ፕሬዚዳንት ካምፖማኔስ ውድድሩ ያለ ውጤት እንዲቆም አዘዘ። 5 ለ 3 ሆኖ፥ 40ው ጨዋታ አቻ ወጥቶ፥ አምስት ወር ከፈጀ በኋላ ቆመ። መቆሙን በግልጥ የተቃወመው ሲመራ የነበረው ሰው ነው ብሎ አንባቢ ይገምት ይሆናል፤ ዋናው ተቃዋሚ ግን ወደ ኋላ የቀረው ካስፓሮቭ ነበረ።

ይህን ነገር ያስረዘምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኋላ በፈቃዱ ያቆመው ሰው፥ አቁም ተብሎ በታዘዘ ጊዜ እንቢ ያለው ያው ሰው መሆኑ እንዳይዘነጋ ነው።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር 9 ቀን፥ በአዲስ ውድድር ካርፖቭን 13 ለ 11 አሸንፎ በ22 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1987 ዓ.ም. በስፔን አገር በሴቪያ ከተማ የመጨረሻውን ጨዋታ ካላሸነፈ ዘውዱን ማጣቱ ነበረ፤ አሸነፈና አዳነው። በ1993 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ ማኅበር ተለይቶ ከእንግሊዛዊው ከናይጀል ሾርት ጋር የራሱን ውድድር አቋቋመ፤ ከዚያም በኋላ ዓለም ለብዙ ዓመታት ሁለት ሻምፒዮን ነበራት። በ1997 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዲፕ ብሉ በሚባል የሒሳብ መኪና ተሸነፈ። በ2000 ዓ.ም. በለንደን ቭላዲሚር ክራምኒክ፥ ያውም ከዚያው ከቦትቪኒክ ትምህርት ቤት የወጣ ታናሹ፥ አንዲት ጨዋታ እንኳ ሳያስነካ ዘውዱን ወሰደበት።

ማርች 10 ቀን 2005 ዓ.ም. በስፔን በሊናሬስ ከተማ የሚደረገው ታላቅ ውድድር ተፈጸመ። ካስፓሮቭ የመጨረሻውን ጨዋታ በቡልጋሪያዊው በቶፓሎቭ ተሸነፈ፤ በነጥብ እኩል ቢሆኑም በደንቡ መሠረት አንደኛነቱ ለካስፓሮቭ ሆነ። በዚያው ቀን ከእንግዲህ ወዲህ በከባድ ውድድር እንደማይሰለፍ ተናገረ። ዕድሜው 41 ነበረ፤ በዓለም የተጫዋቾች ተራ መዝገብም ስሙ ከሁሉ በላይ ተጽፎ ይገኝ ነበር።

በዚህ አድራጎቱ ላይ ሁለት ዐይነት ወቀሳ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው ሽንፈትን ፈርቶ ሸሸ የሚል ነው። ሁለተኛው ስጦታውን ከባለ ገንዘቡ ከሕዝብ ነጠቀ የሚል ነው። ሁለተኛው የበለጠ ክብደት ስላለው እርሱን እናስቀድም።

በአንድ መንደር አንድ ብቻ ወጌሻ ቢኖርና ጕልበቱም ዐይኑም ሳይደክም «ከእንግዲህ ሌላ ሥራ እሠራለሁ» ብሎ እጁን ቢሰበስብ፥ አጥንቱ የተሰበረ ልጅ ያላት እናት ትወቅሰዋለች፤ ወቀሳዋም ፍትሕ አለው። ካስፓሮቭ ከገበታው በተነሣ ጊዜ ግን የማን አጥንት ሳይጠገን ቀረ? ተመልካቹ ደስታ ቀረበት እንጂ ጕዳት አላገኘውም ማለት ይቻላል። ይህ መልስ ቀላል ስለሆነ ብቻ ግን ልንቀበለው አንወድም። በ1999 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በቫይክ አን ዜ ከዚሁ ከቶፓሎቭ ጋር ያደረገውን ጨዋታ፥ ከባድ ሠራዊቱን መሥዋዕት አድርጎ የጠላቱን ንጉሥ ከአንድ ዳር ወደ ሌላው ዳር ያሳደደበትን፥ ዛሬም ርምጃ በርምጃ እየደገሙ የሚማሩበት ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ነገር ሆድ ባይሞላም ልቡናን ያነቃል። ስለዚህ ካስፓሮቭ ሌላ ዐሥር ዓመት ቢጫወት ኖሮ የምናገኛቸው፥ አሁን ግን ማንም የማያያቸው ጨዋታዎች አሉ፤ ይህ እውነተኛ ማጣት ነው። ነገር ግን ያጣነው ሁሉ ተበደርን አያሰኝም። ከልጅነቱ ጀምሮ እስከ 41 ዓመቱ ድረስ የዕለት ዕለት ድካሙን የሰጠንን ሰው፥ የሚገባን ነገር ምስጋና ነው፤ «ቀሪውን አምጣ» የምንልበት ደረሰኝ በእጃችን የለም። ደግሞም እጁን ፈጽሞ አልሰበሰበም። ስለ ቀደሙት ሻምፒዮኖች በብዙ መጻሕፍት ጽፎአል፤ በ2009 ዓ.ም. ኖርዌጂያዊውን ማግኑስ ካርልሰንን አስተምሮአል፤ ይህም ወጣት ኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ነገር እንምጣ። ስሙን ለመጠበቅ የተነሣ ሰው ስሙ ገና ሳይነካ ይነሣል። አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር በ1972 ዓ.ም. ዘውዱን ከወሰደ በኋላ አንዲት ይፋ ጨዋታ ሳይጫወት ቆይቶ በ1975 ዓ.ም. ዘውዱን ወታደር እንኳ ሳያንቀሳቅስ አጣ፤ እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስም ከገበታው ርቆ ኖረ። ስለ ፊሸር ልብ መፍረድ ለእኛ አይገባም፤ በውጭ ሲታይ ግን ያ መሸሸግ ይመስላል። ካስፓሮቭ በአንጻሩ በመኪናም በሰውም በአደባባይ ተሸንፎ፥ ከሽንፈቱም በኋላ ከአራት ዓመት በላይ ተቀምጦ ተጫውቶአል።

ይሁን እንጂ ለእውነት ስንል አንድ ነገር መጨመር አለብን። መነሣቱ ሙሉ በሙሉ በፈቃዱ ብቻ የሆነ አይደለም። ከክራምኒክ ጋር ዳግመኛ ለመጋጠም ሲመኝ ኖረ፤ አልሆነለትም። በ2003 ዓ.ም. ከዩክሬናዊው ከፖኖማሪዮቭ ጋር ሊደረግ የታሰበው ውድድር ፈረሰ፤ ከኡዝቤኩ ከካሲምጃኖቭ ጋር የታሰበውም በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ቀረ። ወደ ዘውዱ የሚወስደው በር ተዘግቶበት ነበር፤ በሩም የተበላሸው እርሱ ራሱ በ1993 ዓ.ም. ከማኅበሩ በተለየ ጊዜ ነው። መምህሩ ቦትቪኒክ ግን በ1957 ዓ.ም. በስሚስሎቭ፥ በ1960 ዓ.ም. በታል ቢሸነፍ፥ በዘመኑ ደንብ የተሸነፈ ሻምፒዮን በዓመቱ ዳግመኛ የመጋጠም መብት ስለ ነበረው በ1958 ዓ.ም. እና በ1961 ዓ.ም. ዘውዱን ሁለት ጊዜ አስመልሶአል። ደቀ መዝሙሩ እንዲህ ያለ መብት አላገኘም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚባለው ተረት ስለ ሆድ የተነገረ ቢሆንም፥ ቁጭት ግን ጠግቦ ለበላም እንደሚደርስ ከዚህ ይታያል።

ቦትቪኒክ ራሱ ያቆመበት መንገድ ከዚህ ይለያል። በ1963 ዓ.ም. በፔትሮስያን ሲሸነፍ ያ መብት ተሽሮ ነበር፤ እርሱም ወደ ዘውዱ በሚያደርሰው ማጣሪያ ለመግባት አልፈለገም። በሌሎች ውድድሮች እየተጫወተ ቆይቶ በ1970 ዓ.ም.፥ ወደ 59 ዓመት ሲጠጋ፥ ፈጽሞ ተወው። ነገር ግን ቦትቪኒክ ከመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበረ፤ በዚሁም ሙያ በዶክተርነት ማዕርግ ተመርቆአል። ከገበታው ሲነሣ ወደ ላቦራቶሪው፥ ሰንጠረዥ የሚጫወት የሒሳብ መኪና ለማሰናዳት ወደሚደክምበት ሥራ፥ ደግሞም ወደ ተማሪዎቹ ተመለሰ። በገዛ ቤቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንደሚያልፍ ሰው ነው። ክራምኒክም በ2019 ዓ.ም. በ43 ዓመቱ፥ ያውም በቫይክ አን ዜ ከመጨረሻዎቹ ተራ በሆነበት ውድድር ማግስት፥ የመጫወት ፍላጎቱ እንደ ቀዘቀዘ ተናግሮ ተሰናበተ። አንዱ ከራስጌ፥ አንዱ ከግርጌ ተነሣ፤ በዚህ ብቻ ከሁለቱ አንዱን የበለጠ ጨዋ ልናደርገው አንችልም።

ያላቆመም አለ። በ1931 ዓ.ም. በሌኒንግራድ የተወለደው ቪክቶር ኮርችኖይ በ1976 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት ኰብልሎ ወጣ፤ በ1978 ዓ.ም. እና በ1981 ዓ.ም. ለዓለም ዘውድ ከካርፖቭ ጋር ተጋጥሞ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈ። ዘውዱን ሳያገኝ፥ የማግኘትም ተስፋው ካለፈ በኋላ፥ በየአገሩ እየዞረ መጫወቱን አልተወም። በ2011 ዓ.ም. በጅብራልታር የ79 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ በዓለም ከታወቁት ወጣቶች አንዱን፥ የ18 ዓመቱን ፋቢያኖ ካሩዋናን አሸነፈ። ለኮርችኖይ ማቆም ይገባሃል ብሎ ሊመክረው የሚደፍር ማን ነው? የእርሱ ፍቅር ለጨዋታው እንጂ ለተራው አልነበረምና፥ ተራው ዝቅ ሲል ፍቅሩ አልጐደለም። ካስፓሮቭ ግን አንደኛነትን ሳይሻ መጫወት የሚችል ሰው አልነበረም ብለን እናምናለን። እንዲህ ያለው ሰው ምክንያቱ ካለቀ በኋላ ቢቀመጥ፥ በገበታው ላይ የሚቀረው ልማዱ ብቻ ነው።

ካስፓሮቭ ተነሥቶ የሄደበትም ቦታ ይታሰብ። ወደ አገሩ ፖለቲካ ገባ፤ የፕሬዚዳንት ፑቲንን መንግሥት ከሚቃወሙት ጋር ተሰለፈ። የክርክሩን ፍሬ ነገር ለባለቤቶቹ ትተን ውጤቱን ብቻ ብንመለከት፥ በዚያ ሜዳ ድል አላገኘም። በ2007 ዓ.ም. በሞስኮ ተይዞ አምስት ቀን ታሰረ፤ በ2013 ዓ.ም. ከአገሩ ወጣ፤ በ2024 ዓ.ም. የሩሲያ መንግሥት ስሙን ከአሸባሪዎችና ከአክራሪዎች መዝገብ አገባው። ሃያ ዓመት ያህል የሚቀድመው ያልነበረ ሰው፥ በፈቃዱ ጀማሪ ወደሚሆንበት፥ ደንቡም እንደ ሰንጠረዥ ለሁለቱ ወገን እኩል ወዳልሆነበት ሥፍራ ገባ። አንደኛ ሆኖ መኖር በሚችልበት ከመቀመጥ፥ ግዴታዬ ነው ወዳለው ሄዶ ተሸናፊ መሆንን መረጠ። በፖለቲካው ሐሳብ የሚስማማም የማይስማማም አንባቢ ይህን ምርጫ ትርፍ ፍለጋ ሊለው የሚችል አይመስለንም። ሸሸ የሚሉትም ወዴት እንደ ሸሸ ሊያሳዩን ይገባቸዋል።

በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በአጭር ሰዓት የሚደረግ ውድድር ሲዘጋጅ፥ ካስፓሮቭ በ54 ዓመቱ ለጥቂት ቀናት ተመልሶ ከእርሱ በብዙ ከሚያንሱ ዘጠኝ ባላጋሮች ጋር ተቀመጠ። ይጠብቀው ዘንድ የሚገባው ስም ካለ፥ ለአደጋ የሚጋለጠው በዚያ ነበረ። ጨዋታውን አሳምሮ ይዞ ሳለ ሰዓት እያለቀበት ተጨነቀ፥ አንዳንዱንም በእጁ የገባውን አበላሸ፤ በመጨረሻው ቈጠራ ከታችኞቹ ጋር ተመደበ። ከውድድሩ የሚያገኘውን ገንዘብ በአፍሪቃ ሰንጠረዥን ለማስፋፋት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር።