የተሸሸገ ውለታ

ልብ ወለድ ታሪክ ማንበብ ከሚወዱ ሰዎች መካከል አንድ ዐይነት መጽሐፍ ከሌላው አብልጠው የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው። ይኸውም በዕድሜ ወይም በኑሮ፣ በቋንቋ ወይም በማዕረግ የማይመጣጠኑ ሁለት ሰዎች ሳይታሰብ ተገናኝተው ሲወዳጁ፣ በዚያም ወዳጅነት ብቸኛ የነበረው ሰው ኑሮው ሲለወጥ የሚያሳየው ነው። እኛም ከእነዚህ አንባቢዎች ወገን ነን። ሆኖም መጽሐፉን አንብበን በጨረስን ቍጥር አንድ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ብቸኛውን ሰው የለወጠው ምንድን ነው? የወዳጁ ርኅራኄ ነው እንዳንል፣ የሚታዘንለት ሰው በማዘናቸው ምክንያት ከሰው ይበልጥ የተለየ መስሎ እንደሚሰማው ሁላችንም እናውቃለን።

ጆርጅ ኤልየት በተባለ የወንድ ስም ትጽፍ የነበረችው እንግሊዛዊት ደራሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1861 ባሳተመችው «ሲላስ ማርነር» በተባለው መጽሐፍዋ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ሰጥታለች። ሲላስ ሸማኔ ነው። ወዳጄ ባለው ሰው ተንኮል በሌብነት ተወንጅሎ ከማኅበሩ ከወጣ በኋላ፣ በማያውቀው መንደር አሥራ አምስት ዓመት ጨርቅ ሲሠራና ወርቁን ሲቈጥር ይኖራል። ከዚያም ወርቁ ይሰረቃል። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ እናቷ በበረዶ ላይ ወድቃ የሞተችባት አንዲት ሕፃን በተከፈተው በር ገብታ ከምድጃው አጠገብ ትተኛለች፤ እርሱም በደከመ ዐይኑ ጠጕሯን ሲያይ ወርቁ የተመለሰለት ይመስለዋል። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ ሕፃኒቱ ለሲላስ አላዘነችለትም። ርቧታል፣ በርዷታል፣ ጫማዋ ረጥቦባታል። ሲላስን ከብቸኝነቱ ያወጣው የሚታዘንለት ሰው መሆኑ ሳይሆን የሚፈለግ ሰው መሆኑ ነው።

ይህ መልስ መልካም ነው፤ ለብዙ ጊዜም በቂ መስሎን ነበር። የሕፃኒቱ ችግር ግን እውነተኛ ነው። ሳይቸግረው የተቸገረ መስሎ ወደ ብቸኛው ሰው በር የሚመጣስ ምን ይባላል? ወዳጅ ነው ወይስ አታላይ? ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን በነገሌ ቦረና ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ፈጽመን በመንግሥት ሥራ ከተቀጠርን በኋላ፣ ገና የሃያዎቹን ዕድሜ ሳናገባድድ፣ ወደዚያች ከተማ ተመደብን። በአለታ ወንዶና በክብረ መንግሥት አድርጎ የሚወርደው መንገድ ደጋውንና ደኑን ትቶ፣ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ወደሚገኘው ወደ ሊበን ሜዳ ሲገባ፣ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ሰማዩ የሰፋ፣ እርሱ ራሱ ያነሰ ይመስለዋል። በዚያ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። ሰው ከሰው ሲገናኝ ስለ ቤተ ሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናሙ ሁሉ «ነጋ» እያለ፣ ማለት ሰላም ነውን እያለ ይጠያየቃል። እኛ ግን ቋንቋውን ባለማወቃችን ለዚያ ሁሉ ጥያቄ አንዲት ቃል መልሰን እናልፍ ነበር፤ ይህም እንደ ጨዋ ሰው ጠባይ እንዳልተቈጠረልን በኋላ ተረዳን። ቀን የሠራተኞችን የግል ማኅደር ስናገላብጥ እንውላለን። ሲመሽ ወደ ቤት የሚያስቸኵል ነገር ስላልነበረ እዚያው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ልብ ወለድ ስናነብ እናመሻለን። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለሦስተኛ ጊዜ ያነበብነው በዚያ ወንበር ላይ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ የሌሊት ዘበኛ የቦረና ተወላጅ የሆኑ፣ ጡረታ የተቃረባቸው አዛውንት ነበሩ። አንድ ምሽት በሩን አንኳኵተው ገቡና በትራቸውን ከግድግዳው አስደግፈው፣ «ልጄ፣ ፊደል አስቈጥረኝ፤ ሳልለየው አርጅቼ ልቀር ነው» አሉን። «አባባ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልዎታል?» ለማለት ቃጥቶን ነበር፤ ነገር ግን አፍረን ተውነው።

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ በአሮጌ ቅጾች ጀርባ ላይ ፊደል እንጽፍላቸው ጀመርን። ተማሪያችን ዘገምተኛ ነበሩ። «ሀ»ን ከ«ሐ» መለየት ማንንም ያስቸግራልና በዚህ አልፈረድንባቸውም፤ ነገር ግን ትናንት የለዩትን ዛሬ ይረሱታል፣ «እንደ ገና በልልኝ» ይላሉ፣ እኛም እንደ ገና እንላለን። ለእያንዳንዱ ፊደል ግን ዋጋ ይከፍሉ ነበር፤ ዋጋውም ከቋንቋቸው አንድ ቃል ነው። ውኃ ቢሻን፣ ከብት ሎን፣ የውኃ ጕድጓድ ኤላ፣ ወዳጅ ጃላ እያልን ተማርን። አንድ እሑድ ቀን ወደ ቤታቸው ወስደው ቡና ቀላ አበሉን። ይህ ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ ነው፤ ቡናን በሲኒ ብቻ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ግራ ይጋባል፤ እኛም ተጋባን። ዓመት ሳይሞላ ወተት የምትሸጠው ሴት ስለ ዘመዶቻችን ደኅንነት ስትጠይቀን፣ እኛም ስለ ጊደሮቿ መጠየቅ ቻልን። የምንጠራበት ሠርግ፣ የምንቆምበት ቀብር አገኘን። በጽሕፈት ቤት ብቻ ማምሸታችን ሳናውቀው ቀረ። እኛ ግን የምናስበው አዛውንቱን ምን ያህል እንደ ረዳናቸው ነበር፤ ለባልደረቦቻችንም «እኛ ፊደል ያስቈጠርናቸው» እያልን በኵራት እናወራ ነበር።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ የአዛውንቱ የጡረታ ጊዜ ደረሰና ማኅደራቸውን እንድናዘጋጅ ታዘዝን። ከቢጫ ወረቀቶቹ መካከል በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብና መጻፍ መቻላቸውን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ወጣ። ይህ ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረና በኋላም በ15 የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በዚያን ጊዜ ኦሮምኛም የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። «ተምረው ረስተውት ይሆናል» ብለን ቀጣዩን ወረቀት ገለጥን። እርሱ ደግሞ ከዘመቻው ብዙ ዓመት ቆይቶ ለዘበኝነት ሥራ ያቀረቡት ማመልከቻ ነው። ጽሕፈቱ ቀጥ ያለና የተዋበ ነው፤ ከግርጌው ያለው ፊርማም በዚያው እጅ የተጻፈ ነው። ያን ጊዜ አንድ የዘነጋነው ነገር ታወሰን። ወረቀቱን ተገልብጦ ሳለ ስንሰጣቸው፣ አዛውንቱ ሁልጊዜ አቅንተው ይይዙት ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ ተቈጣን። ሐሰት ክፉ ነገር መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ ያታለለንም ሰው ከሁሉ ይልቅ ያመንነው ሰው ነው። ከቍጣው በታች ግን ኀፍረት ነበረ። እንደ መምህር ስንኮራ በነበርንበት ጊዜ ሁሉ ተማሪው እኛ ነበርን።

በሦስተኛው ቀን የቪክቶር ሁጎ ጳጳስ ትዝ አለን። እ.ኤ.አ. በ1862 በወጣው «ሌ ሚዜራብል» ውስጥ፣ ከእስር የተፈታው ዣን ቫልዣን የሚያስጠጋው አጥቶ ሲንከራተት ጳጳሱ በቤቱ ያሳድረዋል፤ እርሱ ግን የብር ዕቃውን ሰርቆ ይሄዳል። ወታደሮች ይዘው ሲያመጡት ጳጳሱ «እኔ የሰጠሁህ ነው፤ መቅረዞቹንስ ለምን ተውህ?» ይለዋል። ይህ ሐሰት ነው። የሰውዬው ሕይወት የተለወጠው ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነው። ጳጳሱ «ይቅር ብየሃለሁ» ብሎ በወታደሮቹ ፊት ቢናገር ኖሮ እውነቱን ተናገረ በተባለ ነበር፤ ቫልዣን ግን ይቅር የተባለ ሌባ ሆኖ በቀረ ነበር።

የእኛም አገር ልብ ወለድ የተጀመረው ውለታውን በሸሸገ ሰው መሆኑን ስናስብ ይደንቀናል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት «ጦቢያ» እየተባለ በሚጠራው ታሪክ፣ በጦርነት ተማርኮ የወደቀውን አባት ለማስለቀቅ የሚያስፈልገውን ገንዘብ አንድ የማይታወቅ ነጋዴ ሰጥቶ ያልፋል። ልጁ ዋህድ ያን ሰው አግኝቶ ለማመስገን መንገድ ሲጀምር እርሱ ራሱ በባርነት ይያዛል። ይህን ስናነብ «ነጋዴው ስሙን ቢናገር ምን ነበረበት?» የሚል ሐሳብ ያድርብናል። የተሸሸገ ውለታ ተቀባዩን ከኀፍረት ቢያድነውም፣ ማመስገኛ ያሳጣዋልና ዕዳው በጫንቃው ላይ ይቀራል። በእኛም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

አዛውንቱ ይህን ጥበብ ከልብ ወለድ አልተማሩትም። በቦረና ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አለ። ከብቱ በድርቅ ወይም በበሽታ ያለቀበት ሰው ለጎሳው ያመለክታል፤ ጎሳውም ተመካክሮ እንደ ገና ከብት እንዲኖረው ያደርጋል። ሰውዬው ይህን የሚቀበለው እንደ ልመና ሳይሆን እንደ መብት ነው፤ ላሟን እየነዳ ሲሄድ አንገቱን አይደፋም። ደግሞም በድሬ በኩል ባሉት ጥልቅ የውኃ ጕድጓዶች ሰዎቹ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው እየዘፈኑ ውኃውን ሲቀባበሉ፣ ከሁሉ በታች ያለው ቀጂ የሚጠጡትን ከብቶች ከቶ አያያቸውም። እንግዲህ በዚህ አገር ያደጉት ሽማግሌ፣ ዘመድ የሌለውንና የሰላምታ መልስ የማያውቀውን ወጣት ጸሐፊ በመስኮት ባዩት ጊዜ፣ ጊደር እንደሚሰጥ ሰው ሆነው አንድ ሥራ ሰጡት። «አይዞህ» ቢሉን ኖሮ «ደኅና ነኝ» ብለን በሩን በዘጋን ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ የሚያልቅ አልመሰለንም። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው ጉዱ ካሣ በገዛ ዘመዶቹ መካከል እንደ እብድ የሚታይ ብቸኛ ሰው ነው። ከማንኵሳ ተነሥቶ ወደ ዲማ ከመጣው ከበዛብህ ጋር ያወዳጀው ግን ምንም የተሸሸገ ነገር አይደለም፤ ካሣ የልቡን ይናገራል፣ በዛብህም ይሰማዋል። ወዳጅነት ማለት ይህ ነው የሚል ሰው ቢመጣ የምንከራከርበት ቃል የለንም። ካሣ ያን ማኅደር ቢያይ ኖሮ ያንኑ ዕለት ወደ ዘበኛው ቤት ሄዶ «ስለ ምን እንዲህ አደረጉ?» ብሎ በጠየቀ፣ ምናልባትም ሁለቱ ስቀው ከቀድሞው በበለጠ በተወዳጁ ነበር። እኛ ደግሞ ዝም ብንል ያከበርናቸው መስሎን፣ ምናልባት የፈራነው የራሳችን ኀፍረት እንዳይገለጥ ይሆናል። ይህን እስከ ዛሬ አጥርተን አልለየነውም።

የጡረታውን ቅጽ ለመፈረም አዛውንቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጽሕፈት ቤት መጡ። ማኅደሩ በጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ፣ አሮጌው ማመልከቻ ከላይ ሆኖ ይታይ ነበር። እርሳቸውም አዩት። ከዚያም ወደ እኛ ተመለከቱና ብዕሩን ተቀበሉ። በወረቀቱ ላይ ጐንበስ ብለው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው መካከል ይዘው፣ እያንዳንዱን ፊደል እየለቀሙ፣ እኛ ባስተማርናቸው በዚያ በተጣመመ ጽሕፈት ስማቸውን ጻፉ።

«ደኅና ነውን ልጄ?» አሉን።

«ደኅና ነው አባባ፤ የመጨረሻዋን ፊደል ብቻ ትንሽ ጐተት ያድርጓት» አልናቸው።

እንደ ታዘዙትም ጐተት አደረጓት።