የሴት ተማሪ ልብስ ለማን ይሰፋል?

ልብስ ሦስት ሥራ አለው። ገላን ከብርድና ከፀሐይ ይጠብቃል፤ ኀፍረትን ይሸፍናል፤ የሰውን ማዕርግና ወገን ይገልጣል። የመጀመሪያው ሥራ ለለባሹ የሚጠቅም ነው፤ ሦስተኛው ለተመልካቹ የሚነገር ነው፤ መካከለኛው ግን ለባሹንም ተመልካቹንም ያገናኛል። ብዙ ጊዜ ሦስቱ ተስማምተው ይኖራሉ፤ ስለዚህም ማንም ሰው ጧት ሲለብስ ልብሴ ለማን ነው ብሎ አይመራመርም። አንዳንድ ጊዜ ግን ይጣላሉ፤ በተጣሉም ጊዜ የትኛው ለየትኛው ይልቀቅ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይህም ጥያቄ በዛሬው ዘመን ተገልጦ የሚታየው ትንሽ በሚመስል ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም የሴቶች ተማሪዎች የደንብ ልብስ ነው።

በብዙ አገር የትምህርት ቤት አለቆችና ወላጆች የቀድሞውን የልጃገረዶች ልብስ ለዛሬዪቱ ተማሪ እንዲስማማ አድርገን እንደገና እናሰፋው ወይስ እንደ ነበረ ይኑር እያሉ ይከራከራሉ። ይህን ክርክር የጨርቅ ክርክር ነው ብሎ የሚንቅ ሰው አይጠፋም። ዳሩ ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ጨርቁ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ሌላ ነው። ወርቁ፥ ሴት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የምትሄደው ልታይ ነው ወይስ ልትታይ የሚለው ነው።

አስቀድሞ የደንብ ልብስ ከምን እንደ ተነሣ መመልከት ይገባል። በአገራችን የቈሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ ከደጅ ደጅ እየለመነ ዜማና ቅኔ ሲማር ኖሯል። የባለጠጋው ልጅ ቤቱን ትቶ ሲመጣ ጥበቡን አውልቆ ያንኑ ደበሎ ይለብሳል፤ የድኻውም ልጅ ያንኑ ይለብሳል። መምህሩ ፊት ሲቀመጡ የሚለያቸው የቅኔያቸው ብርታት ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገርም በ1552 በለንደን ከተማ ለድኻ ልጆች የተመሠረተው ክራይስትስ ሆስፒታል የሚባለው ትምህርት ቤት ልጆቹን ሰማያዊ ረዥም ካፖርት አለበሳቸው፤ ትምህርት ቤቱም ከለንደን ወጥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ቢዛወር ልማዱ እስከ ዛሬ አልጠፋም። እንዲህ ከሆነ የደንብ ልብስ መሠረቱ የማጣትን ኀፍረት መሸፈንና ዓይንን ከልብስ ወደ ትምህርት መመለስ ነው። ይህን መሠረት አጥብቀን እንያዝ፤ የኋላውን ነገር ሁሉ የምንመዝነው በዚህ ነውና።

የሴቶች ልጆች ትምህርት በተጀመረ ጊዜ ግን ሌላ አሳብ በላዩ ተጨመረበት። የወንዱን ልጅ ልብስ ሲያሰፉ እንዴት ይማርበታል ይሉ ነበር፤ የሴቲቱን ሲያሰፉ ግን ሰው ሲያያት ምን ይላል ይሉ ጀመር። ይህን ነገር ከጃፓን አገር ታሪክ አጥርቶ የሚያሳይ የለም። ጃፓን ለኢትዮጵያ ሊቃውንት ባዕድ ምሳሌ አይደለችም፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ተልከው ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ ጽፈውላታል፤ በዚያው ዓመትም በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመታትም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ጃፓን በ1872 ወንዱም ሴቱም ይማር ብላ ሕግ አወጣች። ልጃገረዶችም በኪሞኖ ሆነው ወደ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ኪሞኖ ግን በምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ለሚቀመጥ ሰው የተሰፋ ነውና በወንበር ሲቀመጡበት ይከፈታል፥ ሲራመዱበትም እግርን ያስራል። ስለዚህ ከተማሪዎቹ ዐያሌዎቹ ሐካማ የሚባለውን ሰፊ የወንዶች ልብስ በላዩ ታጠቁ። ሕዝቡም ሴቶቹ ወንድ ሆኑ ብሎ ነቀፋቸው፤ ሐካማውም ተከለከለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1885 የመኳንንቱ ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ሲቋቋም፥ ወይዘሮ ሺሞዳ ኡታኮ የሚባሉ አስተማሪ ሐካማውን እንደ ሱሪ ለሁለት ሳይከፈል እንደ ጉርድ ቀሚስ እንዲሰፋ አደረጉት። ልጃገረዶቹም በወንበር ተቀመጡበት፥ ተራመዱበት፥ ኋላም በብስክሌት ሄዱበት። ትናንት ነውር የተባለውም ልብስ የጨዋ ተማሪ ምልክት ሆነ።

ነገሩ በዚያ አልቆመም። በ1920 በኪዮቶ፥ በ1921 ደግሞ በፉኩኦካ የነበሩ የሴቶች ትምህርት ቤቶች ባለ ሰፊ ኮሌታውን የባሕረኛ ልብስ ለተማሪዎቻቸው አሰፉ፤ በፉኩኦካ ይህን ያደረጉት ኤልሳቤጥ ሊ የሚባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ቤት አለቃ ናቸው። ይህ ልብስ ከእንግሊዝ የባሕር ኃይል የመጣ ነው፤ በ1846 የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ በሕፃንነቱ ለብሶት ከተሣለ ወዲህ በልጆች ዘንድ ተለመደ። እንግዲህ አስተውል። መድፍ ለሚጎትትና ሸራ ለሚሰቅል ወንድ የተሰፋው ልብስ በመቶ ዓመት ውስጥ በጃፓን የልጃገረድነት ዓርማ እስከ መሆን ደረሰ፤ ዛሬ ያንን ልብስ አይቶ የወንድ ነው የሚል ጃፓናዊ አይገኝም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ እነዚያው ልጃገረዶች ወደ ፋብሪካ ሥራ በተጠሩ ጊዜ ጉርድ ቀሚሱ ቀርቶ ሞንፔ የሚባል የገበሬ ሱሪ አጠለቁ፤ ያን ጊዜ ነውር ነው ያለ አልነበረም፤ መንግሥት ጉልበታቸውን ፈልጎ ነበርና። ጦርነቱ ሲያልቅ ሱሪው ቀረ። በ2019 ግን ናካኖ የሚባለው የቶኪዮ ወረዳ በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ የወደደች ልጅ ሱሪ እንድትለብስ ፈቀደ፤ ነገሩንም ያነሣችው በአንደኛ ደረጃ ትማር የነበረች አንዲት ልጅ ናት።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ልብሱ የተለወጠው የልጅቱ ሥራ በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ነው። ከምንጣፍ ወደ ወንበር፥ ከወንበር ወደ ሜዳ፥ ከሜዳ ወደ ፋብሪካ ስትሄድ ልብሷ ተከተላት። ልብስን ለዘመኑ ተማሪ እንደገና መስፋት እንግዲህ የዛሬ ልጆች ያመጡት ቅብጠት አይደለም። የሚያሳዝነው ግን ልብሱ ለአገር ጥቅም ሲሆን ወዲያው መለወጡ፥ ለልጅቱ ምቾት ሲሆን ግን ሰባ ዓመት መዘግየቱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በአሜሪካ አገር የተፈረደውን እንመልከት። በሰሜን ካሮላይና ግዛት አንድ ትምህርት ቤት ሴቶች ልጆች ጉርድ ቀሚስ እንጂ ሱሪ እንዳይለብሱ ደንግጎ ነበር። ወላጆች ምክንያቱን ቢጠይቁ የትምህርት ቤቱ መሥራች ሴት ልጅ ወንድ ሊጠነቀቅላት የሚገባት ተሰባሪ ዕቃ ናትና ልብሱ ወንዶቹን አክብሮት ያስተምራቸዋል የሚል መልስ ሰጡ። ልጆቹ በበኩላቸው በክረምት እግራችን ይበርደዋል፥ በጨዋታም ጊዜ እንደ ልባችን መሮጥ አልቻልንም አሉ። በሰኔ 2022 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡ የእኩልነትን ሕግ ያፈርሳል ብሎ ፈረደ፤ በ2023ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም ስላለ ፍርዱ ጸና።

የመሥራቹን አሳብ በክፋት የተነገረ ነው አልልም፤ አክብሮትን ማስተማር መልካም ነውና። ስሕተቱ ሌላ ነው። ወንዱ አክብሮትን እንዲማር ብርዱን የምትቀበለው ሴቲቱ ሆነች። አንዱ የሚማረውን ትምህርት ዋጋ ሌላው ከፈለ። ምግባር ደግሞ በሰው ኪሣራ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ ወንድ ልጅ ሴትን ማክበር ካለበት ቀሚስም ለብሳ ሱሪም ለብሳ ሊያከብራት ይገባዋል፤ በልብሷ ልክ የሚለካ አክብሮት ልብሱን እንጂ እርሷን አላከበረምና።

በዚህ ላይ ሦስት ዐይነት ተቃውሞ ይነሣል፤ ሦስቱም መልስ የሚገባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው የጭምትነት ተቃውሞ ነው። ልብስ ከተለወጠ ጨዋነት ይጠፋል ይላሉ። ጭምትነት ታላቅ ጌጥ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ጭምት ሰው ማለት ስለ ራሱ ገላ የማያስብ ሰው ነው። በተቀመጠች ቍጥር ጉርዷን የምትጎትት፥ ደረጃ ስትወጣ በእጇ የምትይዝ፥ ኳስ ሲወረወርላት ከመዝለሏ በፊት ወደ ኋላ የምትመለከት ልጅ ቀኑን ሁሉ ስለ ገላዋ ስታስብ ትውላለች። ይህ ጭምትነት አይደለም፤ ጭንቀት ነው። ልብሱ ኀፍረትን ሊሸፍን ተሰፍቶ ኀፍረትን አስተማረ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ። ሁሉን የሚሸፍን፥ ሲሮጡበትም የማይገለጥ ልብስ ከዚያ ይልቅ ለጭምትነት ይቀርባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሱሪ የወንድ ነው፥ ሴትም የወንድን ልብስ ልትለብስ አይገባትም የሚል ነው። ይህ ከመጽሐፍ የተነሣ ነውና ቸል አይባልም። ዳሩ ግን የትኛው ልብስ የወንድ፥ የትኛው የሴት እንደ ሆነ የሚወስነው የየአገሩ ልማድ ነው። ካህናታችን ረዥም ቀሚስ ይለብሳሉ፤ የሴት ልብስ ለበሱ ያላቸው ሰው ግን የለም። በቀድሞ ዘመንም ወይዛዝርት በበቅሎ ሲሄዱ ከቀሚሳቸው ሥር ሱሪ ያደርጉ ነበር፤ ወንድ ሆኑ ያላቸውም የለም። የባሕረኛውንም ልብስ ታሪክ ከላይ አይተናል። ትእዛዙ የከለከለው ሰው ራሱን ለውጦ ማታለልን ነው እንጂ ለሴት ልጅ ተለክቶ፥ ለሴት ልጅ ተሰፍቶ፥ በሴት ልጅ ስም የተሰጠውን ልብስ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከወጣቶቹ ወገን ይመጣል። ልብሱን ከማሻሻል ጨርሶ ማስቀረት አይሻልምን? እያንዳንዷ የወደደችውን ብትለብስ ምን አለ? ይላሉ። ለዚህ መልሱ ደበሎው ነው። የደንብ ልብስ በሌለበት ድኻይቱ ልጅ በየጧቱ ድህነቷን ለብሳ ትመጣለች። ነጻነት የሚባለውም ለባለጠጋዪቱ ምርጫ፥ ለድኻይቱ ግን መጋለጥ ይሆናል። ስለዚህ የደንብ ልብስ ይኑር፤ ነገር ግን ራሱ ሸክም እንዳይሆን ይጠበቅ። እንግሊዞች በ2021 የተማሪ ልብስ ዋጋ ወላጅን እንዳያስጨንቅ ትምህርት ቤቶችን የሚያስገድድ ሕግ ያወጡት፥ የአዲስ አበባም ከተማ አስተዳደር ከ2019 ወዲህ፥ ማለት በእኛ ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ፥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚማሩ ልጆች የደንብ ልብስ በነጻ ማደል የጀመረው ስለዚህ ነው። ልብስ መግዛት አቅቷቸው ልጃቸውን በቤት የሚያስቀሩ ወላጆች ካሉ፥ ልብሱ የመጣበትን መሠረት ራሱ አፍርሶታል።

አሁን ደግሞ ሰዎች አፍረው የሚያልፉትን አንድ ነገር እንናገር። ሴት ልጅ በትምህርት ዘመኗ መካከል ልማደ አንስት ያገኛታል። ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ያለው ጉርድ የሚያዝዝ ሰው ይህን አላሰበም፤ አስቦም ከሆነ አላዘነም። በ2023 የዊምብልደን የቴኒስ ጨዋታ አዘጋጆች ከጥንት ጀምሮ ነጭ ብቻ ይለበስ ይሉ የነበሩት ሴቶች ከሥር ጠቈር ያለ እንዲለብሱ ፈቀዱ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ሴቶች የእግር ኳስ ቡድን ነጩን ቍምጣ በሰማያዊ ለወጠ። ለዓለም ጀግኖች የተደረገው ርኅራኄ ለዐሥራ ሦስት ዓመቷ ተማሪ ቢደረግ ምን ይጎዳል? ጠቈር ያለ ቀለምና አንድ ጥልቅ ኪስ ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ ከመቅረት ሊያድን ይችላል። ኪስ ስል አትሣቅ፥ አንባቢ ሆይ፤ የወንዱ ልብስ ኪስ የሌለው ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ሸንጎ ይቀመጥበት ነበር።

ምናልባት አንዱ ተነሥቶ፥ ዕውቀት በልብ ነው እንጂ በልብስ አይደለም፤ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ቅኔ ሲያስተምሩ የደንብ ልብስ ማን ሰፋላቸው? ይል ይሆናል። እውነት ነው። ብርቱ ሰው እንቅፋቱን ተሻግሮ ያልፋል። ትምህርት ቤት ግን የሚሠራው ለብርቱዎች ብቻ አይደለም፤ ብርቱዎቹማ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆነውም ይማራሉ። ትምህርት ቤት የሚሠራው መካከለኛዪቱ ልጅ፥ ፈሪዪቱ ልጅ፥ ድኻይቱ ልጅ እንቅፋት ሳያገኛት እንድትማር ነው። እንቅፋቱን ራሳችን ሰፍተን ካለበስናት በኋላ ብርታት ጐደላት ብንል ፍርዳችን ጠማማ ነው።

እንግዲህ ለሴት ተማሪ ልብስ የሚያሰፋ ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ይህ ልብስ ድህነትን ይሸፍናልን? ገላን ያሳርፋልን? የምትለብሰው ልጅ ተጠይቃበታልን? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ ያንሣል የሚል ይኖራል፤ እኔ ግን የሁለቱ ቍልፍ እርሱ ነው እላለሁ፤ የሚጠብበውንና የሚበርደውን የምታውቀው የለበሰችው ናትና። ይህን ስል ሕፃናት ይፍረዱ ማለቴ አይደለም፤ ዳኛ ምስክር ሳይሰማ አይፍረድ ማለቴ ነው።

በመጽሐፍ ስለ ሐና የተነገረውን ሁላችን እናውቃለን። ልጅዋን ሳሙኤልን ለመቅደስ ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። በየዓመቱ አዲስ መሥራቷ የአምናው ክፉ ስለ ነበረ አይደለም፤ ልጁ ስላደገ ነው። እናቲቱ ልኩን ለማወቅ ልጁን ትመለከታለች እንጂ የአምናውን ልብስ አትመለከትም። ሴቶች ልጆቻችንም አድገዋል፤ ቀድሞ ካልደረሱበት ስፍራ ደርሰዋል። የሚያስተምሯቸውና የሚያለብሷቸው ሰዎች መስፈሪያቸውን ይዘው ወደ ልጆቹ ይቅረቡ።