ለአንድ ሕፃን ብልቃጥ ይከፈታልን?

ከመንደር ወደ መንደር እየዞርን ሕፃናትን የምንከትብ ነርሶች ዘወትር አንድ ጥያቄ ያጋጥመናል። ይኸውም ለብዙዎች የታሰበውን ለአንድ ማዋል ተገቢ ነውን? የሚል ነው። ነገሩን ከሩቅ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በበቅሎ ከተጫነው የበረዶ ሣጥን አጠገብ ቆሞ መልስ መስጠት ለሚገባው ሰው ግን ቀላል አይደለም።

አስቀድመን ነገሩን እናስረዳ። የምንይዘው የኩፍኝ ክትባት በአንድ ብልቃጥ ለ10 ሕፃናት የሚበቃ ደረቅ ዱቄት ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ተጠብቆ ይጓዛል። በመበጥበጫው ውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይጣላል። እንግዲህ አንድ ሕፃን ብቻ ሲመጣ ብልቃጡን መክፈት የዘጠኙን ድርሻ መጣል ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በአንድ የሰኔ ቀን በመንዝ ደጋ ከአንዲት መንደር ደረስን። በዕለቱ ቀብር ነበርና ሰው ሁሉ ወደዚያ ሄዷል። አንዲት አሮጊት ብቻ የ9 ወር የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። እኛም ካርዱን አየንና፣ “እማማ፣ በወሩ ይመለሱ፤ ሌሎቹ ሲመጡ አብረን እንከትበዋለን” አልናቸው። ትክ ብለው አዩንና፣ “እኔስ ከኖርሁ እመጣለሁ፤ ልጆቼ፣ እናንተስ ትመጣላችሁ?” አሉን። “እንመጣለን” አልን።

አልመጣንም። ክረምቱ ገባና መንገዱን ውኃ ቆረጠው። ስንመለስ መስከረም ሆኖ ነበር፤ ኩፍኝ ግን ቀድሞን ነበር። ሕፃኑ ከሞት ተርፏል፤ አንድ ዓይኑ ግን ጠፍቷል። አሮጊቷ አልወቀሱንም፤ ቡና አፈሉልን። ያ ቡና ከወቀሳ ይልቅ ከበደን።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን፣ “ያደረጋችሁት ትክክል ነው። መድኃኒቱ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ዛሬ ዘጠኙን ብትጥሉ በሚቀጥለው መንደር ዘጠኝ እናቶች ባዶ ሣጥን አይተው ይመለሳሉ” ይሉናል። ይህ አነጋገር ከንቱ አይደለም። ቁጠባም ገና ላላየነው ሕፃን ማሰብ ነውና።

ሆኖም አንድ ስሕተት ተሰውሮበታል። በአንድ ስፍራ የሚኖር ሐኪም “ነገ ና” ቢል ነገም በዚያው ይገኛል። ተጓዥ ግን ነገን ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ለአሮጊቷ የሰጠነው ቀጠሮ በእጃችን ያልነበረ ነገር ነው። በእጃችን የነበረው ብልቃጡ ነበር፤ እርሱን ግን ከለከልናቸው። ደግሞም የተጣለ መድኃኒት ይተካል፤ የጠፋ ዓይን አይተካም።

ከዚህም ሌላ አንዱ ሕፃን አንድ ብቻ አይደለም። በኩፍኝ የታመመ አንድ ሰው ካልተከተቡት መካከል ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መዛመቱን ለመግታትም ከ100 ሰው 95ቱ ሊጠበቅ ይገባል። ፈንጣጣ ከአገራችን በ1968 ዓ.ም. የጠፋው ብዙዎችን በመከተብ ብቻ አልነበረም። ሠራተኞች የቀረውን አንድ ሕመምተኛ ከቤት ቤት ፈልገው በዙሪያው ያሉትን ስለ ከተቡ ጭምር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ለአንድ ሕፃን ቢሆን እንኳ ክፈቱ የሚል ነው። እኛም ዛሬ እንዲህ እናደርጋለን፦ አስቀድመን ልጆች ልከን ጎረቤቱን እናስጠራለን፤ ጥቂት እንጠብቃለን። ማንም ባይመጣ ለአንዱ እንከፍታለን፤ የተጣለውንም ሳንደብቅ በመዝገብ እንጽፋለን።

ወጣት ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ሁላችን ብልቃጥ አንይዝም። ነገር ግን ከፊታችን ለቆመው ሰው “በኋላ ተመለስ” የማንል ማን ነን? አባቶቻችን “ሳይቃጠል በቅጠል” ይሉ ነበር። እንግዲህ ቀጠሮ ከመስጠታችን በፊት ያችን የአሮጊቷን ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ፦ እኛስ እንመጣለን?