ቀድሞ የኖረ ወይስ ቀድሞ የመነጠረ?

ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ የሚነሣው ሽንፋ ቆላውን አቋርጦ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይባላል፤ መፋዛንም አልፎ ከዓባይ ይቀላቀላል። ክረምት ሞልቶ ይፈስሳል፤ በበጋ ግን ፍሰቱ ተቋርጦ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል። «መፋዛ» በዐረብኛ ውኃ አልባ በረሃ ማለት ነው፤ ሥሩ ግን መዳንንና ድል ማድረግን የሚያመለክት በመሆኑ የጥንት የቋንቋው ሊቃውንት ስያሜው ለመልካም ምኞት የወጣ እንደሆነ ያስረዳሉ። ይሁንና አንድን ስፍራ ባዶ ብሎ መጥራት ሁልጊዜ እንዲህ በጎ ምኞት ብቻ ነውን?

ከራሃድ በስተሰሜን፣ በመተማ ዙሪያ፣ ተክሩሮች ሰፍረው ነበር። ከዳርፉርና ከዚያ ማዶ ካለው ምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ መካ የሚሄዱና ከዚያ የሚመለሱ ተሳላሚዎች በዚህ ቆላ ቀሩ፤ ጥጥ ዘሩ፤ ገበያም አቆሙ። በ19ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያ ገዥዎችም ለግብፅም ይገብሩ ነበር። የለፋና የገበረ ሰው መሬቱ የእኔ ነው ቢል ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን በዚያ ገበያ ከቡናና ከማር ጎን ባሪያም ይሸጥ ነበር። በአካባቢው የባሪያ ፍንገላ ገፈት ቀማሾች ከነበሩት መካከል ደግሞ ጉሙዞች ይገኙበታል። ጉሙዝ ማሳውን ጥቂት ዓመት አርሶ እንዲያገግም ይተወዋል፤ ያደረውን መሬት ያየ እንግዳ «ጠፍ ነው» ቢል አያስገርምም። ስሕተቱ የዓይን ሳይሆን የመለኪያው ነው።

በሌላው የዓለም ዳርቻም ይኸው መለኪያ ሠርቷል። ሳሙኤል ደ ሻምፕላን እ.ኤ.አ. በ1608 ኬቤክን በሴንት ሎረንስ ወንዝ ዳር ሲቆረቁር፣ ዣክ ካርትዬ በ1535 ያያቸው የስታዳኮናና የኦሽላጋ መንደሮች ጠፍተው ነበር። ፈረንሳውያኑ ዳርቻውን ከወንዙ ጀምሮ ወደ ጫካው በሚዘልቁ ቀጫጭን ረጃጅም ማሳዎች ከፋፈሉት። ኢኑዎች የሚያድኑበት ጫካ ግን አጥር አልነበረውምና ባለቤት እንዳለው አልተቆጠረም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለዚህ አስተሳሰብ ምክንያት አበጀለት፦ ሰው ድካሙን ከመሬት ጋር ሲያዋሕድ መሬቱ የእርሱ ይሆናል። ሐሳቡ ለሠራተኛ ያደላ ይመስላል። ሆኖም ሎክ ራሱ አገልጋይ የቆረጠውን ሣር የጌታው ንብረት አድርጎ ቆጥሮታል፤ እዚህ ላይ ክርክሩ በራሱ እግር ይጠለፋል። ላብ ባለመብት ያደርጋል ከተባለ የአገልጋዩ ላብ ከማን አንሶ ነው?

ጥያቄው ለገዳሪፍ ሩቅ አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ የትራክተር እርሻ በዚህ አውራጃ ሲጀመር ከብት አርቢው የሚያሰማራበት ሜዳም «ያልለማ» ተብሎ ለማሽላና ለሰሊጥ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ከመተማ ማዶ የተሻገሩ የቀን ሠራተኞች ሰሊጡን አረሙ፣ አጨዱ፣ ነዶውን አቆሙ። ሎክ እንዳለው ቢሆን ኖሮ ከእርሻው ድርሻ በኖራቸው ነበር። መዝገቡ የያዘው ግን የባለፈቃዱን ስም ነው፤ ሠራተኛው አዝመራው ሲያልቅ ሒሳቡን ተቀብሎ ይመለሳል፤ አርቢውም ለከብቶቹ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።