የደበቀው ማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የሚወቀሰው ታማሚው ነው፤ አፍሮ ወይም ፈርቶ የቆየው። ጡታቸው ላይ ያገኙትን እብጠት ለዓመት ሸፍነው፣ ቁስል ሲሆን ሐኪም ፊት የሚቀርቡ ሴቶች በአገራችን ብዙ ናቸውና ወቀሳው ከንቱ አይደለም።

ሰሞኑን ግን ይህን ተረት እንድጠራጠር ያደረገኝ ነገር አየሁ። አንዲት እናት፣ ጎረቤቴ፣ ምንም አልደበቁም። እብጠቱን እንዳገኙት ተናገሩ፤ ጸበል መጠመቃቸውን፣ የጠጡትን ቅጠል ሳይቀር ለሐኪሙ ዘረዘሩ። የናሙናው ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ «እማማ፣ እስቲ አንዴ ውጭ ይቆዩን» ብሎ ወረቀቱን ለልጃቸው ሰጠው። ልጁም «አደራ ዶክተር፣ እንዳይነግሩብኝ፤ ከሰማች አትተርፍም» አለ። ለእሳቸው «ኢንፌክሽን ነው» ተባለ። የካንሰር ሕክምናው፣ ኬሞ፣ ተጀመረ። ፀጉራቸው ሲረግፍ «መድኃኒቱ ጠንካራ ሆኖ ነው» ተባሉ። እብጠቱ ሲያንስላቸው የዳኑ መሰላቸውና በየ21 ቀኑ የነበረውን ቀጠሮ ተዉት። ማን ይፈርድባቸዋል? ለኢንፌክሽን ብሎ ያን ሁሉ ማስመለስና ድካም የሚችል ማን አለ?

የልጁ ፍርሃት ይገባኛል። እኛ ዘንድ መርዶ እንኳ በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ ነው። ሌላ ታማሚ በር ላይ እየጠበቀ በአምስት ደቂቃ «ካንሰር ነው» ብሎ መሸኘት ጭካኔ ነው። ቢሆንም መርዶ ይዘገያል እንጂ ለባለቤቱ ሳይነገር አይቀርም።

ችግሩ የእኛ ብቻም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ ከተጠየቁ 219 ሐኪሞች 90 በመቶው ካንሰርን ለታማሚው አለመንገርን ይመርጡ ነበር። በ1979 ጥያቄው ለሐኪሞች ዳግም ሲቀርብ 97 በመቶው መንገርን መረጡ። ሐኪም ልማዱን መለወጥ ይችላል ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ትውልድ ዕድሜ።

ስለዚህ ተረቱን በታማሚ ላይ ብቻ መተረት አድልዎ ነው። ከባለቤቱ የተደበቀ በሽታም መድኃኒት ያጣል፤ ሕክምናውን በየቀጠሮው የሚሸከመው እሱ ነውና። ማወቅ የማይፈልግ ታማሚ አለ፤ መብቱ ነው። ግን ይህን ራሱ ይበል፣ ሌላ አይወስንለት። ሐኪሞች ሆይ፣ ገና ናሙና ስትወስዱ «ውጤቱን ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለልጅዎ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጆችም፣ ይህን ጥያቄ ለእናታችሁ ተዉላት።