ከየት አመጣችው?

መጀመሪያ የመጣችው የጥምቀት ሰሞን፣ ጥር 13 ቀን ነው። ጎንደር ውስጥ የቡና ቤት ልጆች ወደ እኛ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ለኤችአይቪ ምርመራ ወይም ኮንዶም ለመውሰድ ነው። እሷ ግን ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ በሩ ላይ እንደቆመች፣

«ሲስተር፣ አብራኝ የምትኖረውን ልጅ ወፍ በረረባት። ይተላለፋል እንዴ?» አለችኝ።

የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን የሌሊት ወፍ አልፋበት ነው ይባላል። እናቴም እንዲያ ነበር የምታምነው። ልጅቷን ምን እንዳደረጓት ጠየቅኋት። ብርጭቆዋንና ሳህኗን ለይተውባታል። «ምላጭስ?» ስላት፣ «ምላጭማ የጋራ ነው፤ ጥፍር መቁረጫውም» አለች።

የጠረጠርኩት ሄፓታይተስ ቢን ነው፤ እሱ ደግሞ በብርጭቆ አይተላለፍም። መንገዱ ደም ነው፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው፣ ከእናት ወደ ልጅ ነው። ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ ምላጭ ላይ ለደረቀ ደም ይህ በቂ ጊዜ ነው። ብርጭቆውን ለይተው ምላጩን ይዋሳሉ ማለት ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ኋላ ግን እኛስ ብዬ አሰብኩ። በቅዳሴ እነሱ አጠገብ ላለመቆም ፈቀቅ የምንል ሰዎች ነን። የምንሸሸው ሌላ፣ የሚያስይዘን ሌላ።

ሁለቱንም መረመርኳቸው። እሷ ነፃ ናት፣ ጓደኛዋ ግን አለባት። ውጤቱን ያየ ባልደረባዬ ካርዱን እየሞላ «ከየት እንዳመጣችውማ ይታወቃል» አለ። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት በትዕግሥት አይደለም።

እኔም አለብኝ። ከ10 ዓመት በፊት ደም ስለግስ ነው የታወቀው። ከየት አመጣሽው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ሁሉም «በሽተኛ ስትረዳ መርፌ ወግቷት ነው» አሉና አዘኑልኝ። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ መርፌ ወግቶኛል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ሒሳቡን አውቀዋለሁ። በወሊድ ጊዜ ከተያዙ 100 ሕፃናት 90 ያህሉ ቫይረሱ አብሯቸው ይኖራል፤ ጤነኛ ሰው ካደገ በኋላ ሲያዝ ግን ከ100 ከ5 በታች በሆኑት ላይ ነው የሚቀረው። እኔ ላይ ቀርቷል። እንግዲያው ከመርፌው ይልቅ ከእናቴ መውረሴ ወይም በልጅነቴ መያዜ ይቀርባል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የመርፌው ታሪክ ደስ ይል ነበራ!

የዚያች ልጅ ደግሞ ከደንበኛ ሊሆን ይችላል፣ ከምላጩም ሊሆን ይችላል። የእኔም ከመርፌው፣ የእሷም ከደንበኛ ይሁን እንበል። ሁለታችንም ሥራ ላይ ሳለን ተያዝን ማለት ነው። የእኔ የሥራ አደጋ ሲባል የእሷ የኃጢአት ዋጋ የሚባለው በየትኛው ሚዛን ነው?

የደብራችን ሰባኪ በየዓመቱ በመፃጉዕ ሰንበት፣ ጌታ ለዳነው ሰው ዳግመኛ እንዳይበድል መንገሩን ያነሣል። እውነት ነው፣ ተጽፏል። እኔ የማየው ግን ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ አልጋውን አሸክሞ ሰደደው፤ ምክሩ የመጣው በኋላ፣ በመቅደስ ሲያገኘው ነው። እኛ ምክሩን አስቀደምን፣ ማንሣቱን ለማን እንደተውነው አላውቅም። በኃጢአትና በበሽታ መካከል ምንም ክር የለም ብዬ አልከራከርም፤ ያ ለሊቃውንቱ ነው። ክሩ ቢኖር እንኳ ጫፉ በእኛ እጅ አይደለም።

ነፃ የሆነችው ልጅ 23 ዓመቷ ነው። ለሕፃናት የሚሰጠው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን የተጀመረው በፈረንጆቹ 2007 ነውና አላገኛትም። ለአዋቂ 3 ጊዜ ነው የሚሰጠው፦ ዛሬ፣ በወሩ፣ በ6ኛው ወር። ኮንዶሙ በነፃ ነው፣ ይህን ግን ከቲፕ ባጠራቀመችው ብር ከፋርማሲ ገዝታ አመጣች።

የካቲት 13 ለሁለተኛው መጣች። ክንዷን እየጠረግሁ ሳለ፣

«ሲስተር፣ አንቺስ ተከትበሻል?» አለችኝ።

«እኔ አለብኝ።»

«ውይ! ከየት አመጣሽው?»

ነጠላዬን ከየት እንደገዛሁት የምትጠይቀኝ ነው የሚመስለው፤ ክፋት የለበትም። መርፌ ወግቶኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

«እግዜር ይማርሽ» አለችና እጅጌዋን መለሰች።

የሦስተኛው ቀጠሮዋ ሐምሌ 13 ነበር። አልመጣችም። ስደውል መተማ ናት። የሰሊጥ አረም ሊያርሙ ብዙ ሠራተኞች ወርደዋል፣ እሷም ገበያውን ተከትላ ወርዳለች። ቢዘገይም ከመጀመሪያው እንደማይጀመር፣ የቀራት አንድ ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። «ታዲያ እዚህ ማን ይወጋኛል?» አለችኝ። ካርዷን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ መተማ የሚሠራ የማውቀው ነርስ ካለ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ እየደወልኩ ነው።