ኪኒኑን ማን ይዋጠው?

የሠርግ ቀን ምርቃት አጭር ነው፤ «ውለዱ፣ ክበዱ» ይባላል። ልብ ብላችሁ ከሆነ የሚመረቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ቃሉም ለሁለት የተነገረ ነው። አንደኛው ዓመት አልፎ ሁለተኛው ሲጋመስ ግን ምርቃቱ ወደ ጥያቄ ይለወጣል፤ ጥያቄውም ለአንዷ ብቻ ይሆናል። «ምነው ልጄ፣ ዝም አልሽሳ?» ትባላለች ሚስት። ባልን እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው እምብዛም የለም። ቢኖርም በጨዋታ መሀል፣ ብርጭቆ ይዞ ነው።

ከጥያቄው ቀጥሎ መድኃኒት ይመጣል። ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ስለዚሁ መድኃኒት፣ የሴቷ እንቁላል እንዲወጣ ስለሚያግዘው ኪኒን ነው። ክሎሚፌን ይባላል፤ ብዙ ሰው ግን ክሎሚድ እያለ ነው የሚያውቀው።

ኪኒኑ አዲስ ግኝት አይደለም፤ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። አሠራሩ ብልሃት አለው። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ለአንጎል የሚያደርሰውን መልእክት ይጋርድበታል። አንጎልም «ሆርሞኑ አንሷል» ብሎ ይታለልና እንቁላል የሚያሳድገውን ሌላ ሆርሞን አብዝቶ ያስልካል። በዚህ ዘዴ ከአስር ሴቶች ሰባት ስምንቱ እንቁላላቸው ይወጣል፤ የሚያረግዙት ግን ከግማሽ በታች ናቸው። ለጡት ካንሰር የተሠራው ሌትሮዞልም ዛሬ ለዚሁ ጉዳይ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ያለባቸውን 750 ሴቶች ተከታትሎ፣ ሌትሮዞል ከወሰዱት ከመቶ 27.5 ያህሉ፣ ክሎሚፌን ከወሰዱት ደግሞ 19.1 ያህሉ መውለዳቸውን አሳይቷል። ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ተአምር ግን አይሠሩም።

በእኛ ዘንድ ኪኒኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «በፈጣሪ ሥራ መግባት አይሆንም ወይ?» የሚለው ነው። እኔ ይህን ጥያቄ አልንቀውም፤ ነገር ግን ቀላሉ ጥያቄ ይመስለኛል። በኦሪት ዘፍጥረት ራሔል ልጅ ቢቸግራት የልያን ልጅ እንኮይ ለምና ወስዳለች። ለምን እንደፈለገችው መቼም ግልጽ ነው። መጽሐፉ በዚህ አልኮነናትም። ቁልቢ ገብርኤል ስለት ተስላ የምትመለስ እናትም በማግስቱ ሐኪም ቤት ብትሄድ እምነቷን ክዳለች የሚል ብዙ ሰው አይገኝም። እንዲያውም ከኪኒኑ በፊት የነበረው የመርፌ ሆርሞን የተሠራው በጣሊያን አገር ከአረጋውያን መነኮሳይያት ሽንት ተጣርቶ ነው። በዚያ መርፌ የመጀመሪያው ሕፃን እ.ኤ.አ. በ1962 ተወለደ። በድንግልና የመነኑ እናቶች ለሌላዋ ሴት መውለድ ምክንያት ከሆኑ፣ መንፈሳዊነትና መድኃኒት የግድ ይጣላሉ ማለት ያስቸግራል።

ለእኔ ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ኪኒኑን ከመዋጧ በፊት ማን ተመርምሯል?

ልጅ ካጡ ባልና ሚስት ከሲሶ እስከ ግማሽ በሚሆኑት ዘንድ የወንዱ ዘር ችግር አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደምሮ። ይህን ለማወቅ የሚደረገው የዘር ፈሳሽ ምርመራ ስለት የለው፣ መርፌ የለው። ሆኖም በብዙ ቤት የመጨረሻው ምርመራ እሱ ነው፤ ጭራሽ የማይደረግበትም ቤት አለ። እሷ ግን ደም ትሰጣለች፣ አልትራሳውንድ ትነሳለች፣ ኪኒኑን ትጀምራለች። ሰውነቷ ያልባታል፣ ጠባይዋ ይለዋወጣል፣ አንዳንዴ ዓይኗ ይደበዝዛል፤ አልፎ አልፎም ኦቫሪዋ ከመጠን በላይ ያብጣል። የማህፀን ቱቦዋ በድሮ ኢንፌክሽን ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ፣ እንቁላሉ ቢወጣም መንገድ የለውም። መንገዱ ክፍት ቢሆንም፣ ከወዲያ የሚመጣ ከሌለ ያው ነው።

አሁን ነገሩን እንደ ፍርድ ቤት እንየው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጉዳይ ተጠርጥረዋል። አንደኛው ቃሉን ሳይሰጥ በሌላዋ ላይ ቅጣቱ ይጀመራል። ይህ ብቻ አይደለም፤ ቅጣቱ ራሱ መልሶ ማስረጃ ይሆናል። ወር በመጣ ቁጥር «መድኃኒት እንኳ አልያዘላትም» ይባላል። ያልተመረመረው ሰው ዘር ያጎደለውን፣ የከሸፈው ኪኒን በእሷ ላይ ይመሰክርበታል። እንግዲህ ባል ሳይመረመር ለሚስት ኪኒን መስጠት የሕክምና ቅደም ተከተል መዛባት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በሰው ላይ በሐሰት መመስከር ነው።

«የወንዱ ኀፍረትስ?» የሚል አይጠፋም። ኀፍረቱ እውነት ነው፤ ልናሾፍበት አይገባም። በእኛ አገር ዘር ማነስና ስንፈተ ወሲብ አንድ ተደርገው ስለሚታዩ፣ ምርመራው የወንድነት ፈተና ይመስላል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው፤ በአልጋው ላይ ምንም ያልጎደለው ሰው ዘሩ ሊያንስ ይችላል። ደግሞስ ባልየው አልመረመርም ሲል ኀፍረቱ የት ይሄዳል? ወደ ሚስቱ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው ይሉ የለም? ይህ ሸክም ለሁለት ነው፤ ሁለት ሰው ደግሞ ብዙ አይደለም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከሴቷ በኩል የሚመጣው ነው። «ባሌን አላሳፍርም፤ ስሙ ከሚነሳ የእኔ ይነሳ» የምትል ሴት አለች። ፍቅሯን ማን ይነቅፋል? ነገር ግን መሥዋዕትነት የሚከበረው ሰጪው ምን እንደሚሰጥ አውቆ ሲሰጥ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ እውነቱን ባልም ሚስትም አያውቁትም። እሷ የምትሸፍነው ገመና መኖሩ እንኳ አልተረጋገጠም። የምትከፍለው ግን የታወቀ ነው፤ ዕድሜዋን። በሠላሳ ስድስት ዓመቷ በከንቱ የባከነ አንድ ዓመት፣ በኋላ ባልየው ቢጸጸትም አይመለስላትም። አምኖበት የተቀበላት ባል እንኳ እንዲህ ያለውን ስጦታ ዝም ብሎ መውሰድ የለበትም።

አንድ ሌላ ነገር ላክል። ይህን ኪኒን ጎረቤት ለጎረቤት፣ እህት ለእህት የሚቀባበሉበት ጊዜ አለ፤ «መንታ ያሰጣል» ተብሎ የሚፈለግበትም ጊዜ አለ። በኪኒኑ ከሚያረግዙት ከመቶ ከአምስት እስከ አስር የሚሆኑት መንታ መፀነሳቸው እውነት ነው። ግን መንታ ያለ ቀኑ የመወለድና ክብደቱ የማነስ ዕድሉ ሰፊ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስላል። የመጠኑ ልክ፣ የሚጀመርበት ቀን፣ የአልትራሳውንዱ ክትትል የሐኪም ሥራ ነው። የሚቆምበትም ጊዜ አለው፤ ባለሙያዎች በአብዛኛው ከስድስት ዑደት እንዳያልፍ ይመክራሉ።

ከስድስቱ በኋላስ? ሌላ መንገድ አለ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ ከማህፀን ውጭ ማዳቀል የውጭ አገር ወሬ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ያም ባይሳካ፣ ጉዲፈቻና የጡት ልጅ የኛው የቆዩ ልማዶች ናቸው። ወይም ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ጥሩ ቤት ሊሆኑ ይችላሉ። የትኛውም መንገድ ቢሆን ግን አብረው ያላወቁትን ነገር አብረው መሸከም አይችሉም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ለአሥራ ሁለት ወር ሞክራችሁ ካልሆነ፣ ሚስት ሠላሳ አምስት ዓመት ከሞላት ደግሞ ስድስት ወር ሳታሳልፉ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ክሊኒኩ በር ላይ ስትደርሱም አንድ ካርድ ብቻ አታውጡ፤ ሁለት አውጡ።